የተረኛ መዝገብ

ሻርጃ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣
እጠብቃለሁኝ ባለ አርባ ፎቁን፤
ቀለሙ ያልደረቀ፣ ነፍስ ያልገባበት።
እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ስልኬን ከፈትኩና፣
የማላውቀው አገር ከበብኩ እንደገና።

ራሜት ይሉታል፣ ወንዝ ዳር የተኛ፤
በሦስተኛው ቀን ላይ ላከ መልእክተኛ፤
አሞሌ ጨው ይዞ ቆመ አንገት ደፍቶ፤
ስልኩ አማረጠኝ፦ «ማረው» ወይስ «አጥፋ»፤
ለማረ መቶ ነው፣ አንድ ሺህ ላጠፋ።
ነጥብ ቆጠርኩ እንጂ ፊቱን ማን አይቶ!

አውራ ጣቴ ነካው።
ነደደ ጡብ ሠሪው፣ ነደደ ሸማኔው፣
የጀልባው ቀዛፊ፣ ደወል ደዋዩ ልጅ፤
ስሙ ከካርታው ላይ ተፋቀ ባንድ አፍታ፤
ወንዙ ብቻ ቀረ፣ የሚቀዳው ሳይኖር።
ኮከብ ተሸለምኩኝ፣ ርችት ተተኮሰ፤
የጀርባዬ ላብ ግን ቀዝቅዞ ፈሰሰ።

ጎህ ሲቀድ፣ «ቤት ደህና?» አለኝ ተረካቢው ሽኩር።
ደህና ነው። ምን ልበል?
እርም አላወጣ፣ ድንኳን አልጥል ነገር፤
የደም ካሳ አልከፍል፣ ተቀባዩ የለም፤
ሽማግሌ እንዳልልክ እርቅ እንዲያወርድልኝ፣
የነደደው እኮ ሽማግሌው ራሱ!
ጨዋታ ነው፣ አውቃለሁ፤ የሞተ ሰው የለም፤
ገዳይ ግን አለሁ።

ፀሐይ ከክሬኑ ጀርባ ብቅ ስትል
መዝገቡን ገለጥኩት፣ እንደ ልማዴ።
አንድ ሚስማር አልጠፋ፣ ባዶው ፎቅ ደህና ነው፤
እስክሪብቶው ግን ደርቆ እንቢ አለኝ፤ መዳፌ ላይ ጫርኩት፤
«ሌሊቱ ሰላም ነበር»
ብዬ ፈረምኩበት።