የጅብ ጥላ

ፍልሰታ በገባ ባራተኛው ቀን፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ሙጪት መጣች ቤቴ፣ ወንፊት አንጠልጥላ፣
ከእንጅባራ በላይ፣ ጥዱ ካለበሰው፣ ከዚያ ተራራ።
ሰላምታም አልነበር። የወንፊቱን ልብስ ገለጠች አንሥታ፤
«መምህር፣ ከነዚህ የቱ ነው?» አለችኝ፣ ዐይኔን ተመልክታ።

«የቱ ነው የሚበላ?» አላለች።
«የቱ ነው?» ነው ያለች።
አምና በዚህ ሰሞን ልጇን ቀብራለች።

ባዮሎጂ ሳስተምር ዐሥራ ሁለት ዓመቴ፤
እንጉዳይ ማለት ግን አንድ አንቀጽ ነበረች፣ በማስታወሻዬ፣ በደረቅ አንደበቴ።
መጽሐፍ የገዛሁ፣ ማጉያ መነጽር ካንገቴ ያሰርሁ
ከቀብሩ በኋላ ነው፤
ጅብ ከሄደ ወዲያ የጮኸ ውሻ ነኝ፤ ይህንንም ዐውቃለሁ።

አንድ በአንድ አወጣን።
ይህ የኩይሳ ነው፤ ግንዱ እየቀጠነ ምስጥ ቤት ይዘልቃል፣
አያቶች ያውቁታል፣ በጾም ሥጋ ያስረሳል፣ ይበላል።
ይህ ከወደቀ ምሳና ላይ የበቀለ ጆሮ ነው፤ አይጎዳም፣ አይጣፍጥ።
ይህ ሲሰብሩት ነው፣ እንደ ተማሪ ጣት በፈተና ማግስት፣ ሰማያዊ ሆኖ የሚለወጥ።
ይህን አላወቅሁትም።
ያንንም አላወቅሁ።
«አላውቅም» ማለትን፣ ሰው ከሞተ ወዲህ፣ ዘግይቼ ለመድሁ።

ከወንፊቱ ጥግ አንድ ቀረ።
ባርኔጣው ሎሚ ነው፣ ሳይበስል የተለቀመ፤
ገልብጬ አየሁት፦ ገጾቹ ነጫጭ፣ ፊደል ያልታተመ፤
ካንገቱ ቀለበት፣ እንደ አሮጌ መቀነት ላልቶ የወረደ፤
ሽታው ማር ማር ይላል።
አፌ ውስጥ ምራቅ ሲሞላ ተሰማኝ፤ አፈርሁ።
«ታችኛውስ የታል?»
«በማጭድ ቆረጥሁት፣ ከመሬቱ እኩል።»
«ሥሩን ካላየሁት፣ ሙጪት፣ ምንም አልል።»

ወጣን ዳገቱን። መንገድ አልፈለገች፤ እግሯ ያውቀዋል።
ጥዱ በደርግ ጊዜ በዘመቻ የተተከለ ነው፣ ረድፉን የጠበቀ፤
ችግኙ ከሩቅ አገር ሲመጣ
በሥሩ ምን አዝሎ እንደመጣ ማንም አልጠየቀ።
ማጭዱን አኖረች። በጣቷ ቆፈረች፣ ቀስ ብላ፣
የተኛን ላለመቀስቀስ ያህል።
የተሰነጠቀ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ከረጢት፣ ከአፈሩ ሥር፣
የግንዱ ጉማጅም ከውስጡ ቆሞ ነበር።
«ይኸው» አልሁ።
«ይኸው» አለች።

ከዚያ ተናገረች፣ የእጇን ጭቃ ሳታራግፍ፦
«ነጭ ሽንኩርት ጨመርሁ፤ አልጠቆረም። ትልም በልቶት ነበር፤
ትል የበላው ለሰው ይሆናል ሲሉ ነው የምሰማ።
ትንሽ ስለሆነች ለሱ ተውሁለት።
ሌሊት አስመለሰው። በማግስቱ ዳነ፣ ኳስ ሊመታ ወጣ፤
እኔም ለማርያም ስለቴን አስገባሁ፣ ጥላ ከነዘንጉ።
ባራተኛው ቀን ዐይኑ ቢጫ ሆኖ ነቃ።»

ዝም አልን። ከጥዱ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል።
«ጅብስ ደግ ነው» አለች፤ «ሲመጣ ይጮኻል።»

ያን ሌሊት ባርኔጣውን
ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ወረቀት ላይ አኖርሁ፣ ብርጭቆ ደፋሁበት።
ጠዋት ሳነሣው በነጩ በኩል ምንም አይታይም፤
በጥቁሩ በኩል የዱቄት ጮራ፣ ክብ ሠርቶ ተሥሏል።
ማንም ሳያስገድደው ፈርሟል።
ሙጪት ጥቁሩን ወገን ቀድዳ ወሰደች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁ።

መጽሐፉ ላይ ስም አለው፣ በላቲን፣ ሁለት ቃል፤
በኛ አገር ሁሉም፣ የሚያጠግበውም የሚገድለውም፣
የጅብ ጥላ ይባላል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከሰሳው ሥር፣ ልጆች ከበቧት።
ከረጢቱ በእጇ ነው፣ ከነጭቃው፤
«ባርኔጣውን ተዉት፤ ከሥሩ ነው የሚታወቀው።»
አንዲት ልጅ «ስሙስ ማን ነው?» ብላ ጠየቀቻት።
ሙጪት ወደኔ ዞረች።
እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።