የእስክሪብቶ ድንበር

ከአዘዞ በባጃጅ፣ ዶፍ ባለበት ሌሊት፣
አዛናውን ታቅፋ ገባች አንዲት እናት።
ጠየቅኋት ደንግጬ፦ «ማን መታው ይህን ልጅ?»
ውስጥ እግሩን አየሁት፤ ያልታጠበ ወይን ጠጅ።

«ማንም! ትናንትና ኳስ ሲለጋ አመሸ፤
ሌሊት አተኮሰው፣ መልኩ ተበላሸ።»

ከበብኩት በእስክሪብቶ እንደ መሬት ድንበር፤
ሰዓቱን ጻፍኩበት፤ ሰባት ከሩብ ነበር።
ስምንት ሳይሞላ መስመሬን ተሻግሮ፣
እንደ ክረምት አንገረብ ዳሩን ሰባብሮ
ጉልበቱ ጋ ደርሷል።

በማይገባው ስፍራ ደሙ ረግቶ አደረ፤
መርጋት በሚገባው ሲፈስስ ነበረ
በየመርፌው ቀዳዳ።
መድኃኒቱ ገባ። ከጎንደር ደም ባንክ
ፕላዝማው አልመጣም።

«ስጪኝ» አለች እናት፣ ፊደል ያልቆጠረች፤
እስክሪብቶዬን ይዛ፣ እንደ መርፌ ጨብጣ፣
ከጭኑ መሐል ላይ አንድ መስመር ሳለች።
«ከዚህ ወዲያ የኔ ነው።»

ፕላዝማው ደረሰ። ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ፤
ወደ እሷ መስመር ሲጠጋ፣ ሲጠጋ፣
ሁለት ጣት ሲቀረው
ቆመ።

የኳሱ እግር ጣቶች እንደ ከሰል ናቸው፤
ሦስቱ አይተርፉም አሉ። እናቱ ታውቃለች።
ቀለም ነክቶት ቀርቷል የነጠላዋን ጫፍ፤
እኔ ግን ያንኑ «ማን መታው» ያልኩበትን አፍ
ይዤ ስመላለስ፣
ዛሬም ይቅርታ አላልኳትም።