ሁለት በር

ጎንደር ቸቸላ፣ ከመንገዱ በላይ፣ አንድ ግቢ ሁለት በር፤
በግራው ባዘዘው፣ በቀኙ እኔ፤ እንዲህ ነው የኛ ነገር።
ቀን በየሥራችን፣ ማታ ባንድ መብራት፤
ሲከፋን በየቤት፣ ሲሻለን ባንድ እራት።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ፊርማ የለ፣ የተቆጠረ ጥሎሽ፤
ማንም አላለኝም «እሰይ፣ ይባርክሽ»።

ዘንድሮ ግን ባዘዘው፣ ጉልበቱን ሲያመው፣ ፀጉሩ ሲሳሳ፣
አንድ ማታ መጣ፣ ዳቦ ገዝቶ ከፒያሳ።
«እንጉዳይ» አለኝ፣ «በየግል እድር ከፍለን እስከ መቼ?
ባንድ ስም እንመዝገብ፤ ደከመኝ መሹለክለኩ፣ አረጀሁ ፈርቼ።
እኔ የሞትኩ ለት፣ ከድንኳኑ ዳር ቆመሽ፣
ምን ትመልሻለሽ፣ ‹የሟች ምኑ ነሽ?› ቢሉሽ?»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሜትር ካንገቴ አይወርድም፤
ስፊልኝ ያለኝ ሁሉ እጁን ሳያነሳ አይለካም።
እጅ ያነሳ ሰው ደግሞ፣ አውቃለሁ ከልምዴ፣
እንደ ምርኮኛ ነው አቋቋሙ፤ ይኸን ነው የፈራው ሆዴ።
ዛሬ ደብተር ብንገባ፣ ነገ «በሩ ለምን ሁለት?»፣
ከነገ ወዲያ «ልጅስ?»፣ ቀጥሎ የንስሐ አባት፤
እውቅና ብድር ነው፤ ወለዱን ማን ይችለዋል?

ግን ልዋሽ? ባለፈው ክረምት፣ የአቶ ጌጤነህ ሚስት፣
ባሏን ሰባት ዓመት «ደህና ዋል» እንኳ ያላለች ሴት፣
ሲሞት ደግፈው ይዘው፣ ሦስት ቀን አጉርሰው፣
«አይዞሽ እመቤት» አሏት፣ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው።
ቀናሁ።
በምንጣፉ ቀናሁ።

ጸሐፊው ዘንድ ሄድን። መዝገቡ አራት ዓምድ አለው፤
ያገባ፣ ያላገባ፣ የፈታ፣ የሞተበት ነው።
እስክሪብቶውን ነከሰ። «እናንተን የት ላግባችሁ?»
ባዘዘው ሳቀ። እኔም። ለጸሐፊው አልገባውም።
«ከጠርዙ ጻፈን» አልኩት።
ጠርዙን አየው። ጠባብ ነው።
«ለዳኛው ላማክር» አለ፣ ከፋሲካ በፊት ነበር፤
ይኸው ሰኔ ገባ።

እሱ እስኪያማክር ግን፣ ሌሊት ሰው ሲሞት በሰፈር፣
ጥሩምባ ነፊው ሙሉዓለም የሚያንኳኳው የኔን በር፤
የኔን ብቻ፣ አንድ ጊዜ።
«እንጉዳይ! ባዘዘው! ቀብር በስድስት ሰዓት!» ይልና
በዚያኛው በር ዝር ሳይል፣ ጭቃውን እየረገጠ ቁልቁል ይወርዳል።

ማን እንደነገረው እንጃ።
አልጠየቅሁትም።