ክፍል ሁለት መቶ አስራ አራት

ሲጽፏት ሎድዝ ናት፣ ሲጠሯት ደግሞ ዉች፤
ጭሳቸውን የረሱ የጡብ ጭስ ማውጫዎች
እንደ ጠፋ ጧፍ ተደርድረው የቆሙባት፣
የፈትል ፋብሪካው ስቱዲዮ የሆነባት።

እዚያ ነው ያየኋት፣ ጥቅምት ሊገባ ሲል፣
የወንድሟን ካፖርት ደርባ፣ ትከሻው የሚንጠለጠል፤
እስክሪብቶ በጥርሷ፣ በመዳፏ ጽፋ
የቀኑን ቀረጻ፣ ካፊያ እንዳያጠፋ።

እኔ የድምፅ ሰው ነኝ፤ ዘንግ በክንዴ አንስቼ፣
ከሰው አናት በላይ፣ ከምስሉ ሸሽቼ
ትንፋሽ ስለቅም እውላለሁ፤ እጄ ይደነዝዛል፤
ስሜ ከስሟ ብዙ ዝቅ ብሎ፣ ከምሳ አቅራቢው በፊት ይጻፋል።

የመጀመሪያ ፊልሟ አስራ ሰባት ደቂቃ፦
ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህም ጎህ ሳይቀድ የምትነቃ
ሸማኔ አክስቷን፣ ጣቶቿን ብቻ አሳየች፤
በጠረጴዛ ልብሱ ላይ የሌለ ክር ሲቀጥሉ፣ ዝም ብላ እያየች።
በአንዲት ጠባብ አዳራሽ አስራ አንድ ሰው አየው፤
ሁለቱ ተኙ፤ አንዱ ወጣ። ዳኛ ኖሯል ሰውየው።

ከዚያ አራት ዓመት። ሠርግ። የማርጋሪን ማስታወቂያ።
ከቢሮ ወደ ቢሮ፣ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ።
ስድስቱ «እናመሰግናለን» አሉ፤
ሰባተኛው፣ ቋሊማ እየበሉ፣
«የሆስፒታል ድራማ አለን። ዳይሬክተራችን ታመመ።
አንድ ክፍል ያዢልን። ምንም እንዳትጨምሪ።»
ነገሩ በዚሁ ተፈጸመ።

ክፍል ሁለት መቶ አስራ አራት።
ሐኪሙ እዚህ ይቁም፤ ነርሷ እዚህ ታልቅስ፤ ከኋላ መብራት፤
ሽማግሌው ገጽ ሠላሳ ሁለት ላይ ይሙት፤
«ከምሳ በፊት» ብለው በቀይ ጻፉበት።

ፓን ሌሼክ ይባላሉ ሟቹ። («ፓን» «አቶ» ነው፤ እኔ በልቤ «ጋሼ» እላቸዋለሁ።)
የመድረክ ሰው ናቸው፤
ስንት ዘመን ነግሠው፣ ስንቴ ተሰይፈው፣ ዛሬ ቃል የሚከዳቸው።
አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረቻቸው፤ «ለልጄ ንገሯት» የምትል።
ጠፋቻቸው። ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ እዚያ ያስቀመጧት ይመስል።
ከመስኮቱ ወዲያ ጨርቅ ላይ የተሣለ ዛፍ እንጂ ሌላ የለም።
ረዳቷ ልታስታውሳቸው አፏን ከፈተች፤ ዮቪታ እጇን አነሣች፦ ዝም።

አንድ። ሁለት። ሦስት። በማዳመጫዬ ውስጥ
የሽማግሌው ምራቅ ሲዋጥ፣
የአልጋው ብረት ሲያቃስት፣
ከዚያም ሥር አንድ ነገር፣ ስም ያላወጣንለት።
ዘጠኝ ሴኮንድ። ክንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ዘንጉን አላወረድኩም።
እሷ «ካት» አላለችም፤ እኔም አልተነፈስኩም።

ማታ በቅንብር ክፍል ፕሮዲውሰሩ መጡ፦ «ይሄ ምንድነው? ሰው ቻናል ይቀይራል!
ዘጠኝ ሴኮንድ ዝምታ እኮ ቤት ያፈርሳል።»
አልጮኸችም። እንደ ሽንኩርት ነጋዴ ተከራከረች፦
«ስምንት።» «ሁለት።» «ሰባት።» «ሦስት።» በአራት ተስማማች።
የተቆረጡትን አምስቱን በፍላሽ ገልብጣ ኪሷ ከተተች፤
ዛሬም ከቤት ቁልፏ ጋር ሲጋጩ እሰማለሁ፣ እየተራመደች።

ማክሰኞ ታየ። ስሟ ከታች ወደ ላይ
እንደ ደነገጠች ድመት ሮጠ፤ እናቷ መነጽር ፍለጋ ላይ ነበሩ፣ ሳያዩት አለፈ በላይ።

ረቡዕ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ አንዲት የማናውቃት ባልቴት
ለጎረቤቷ ስታወራ ሰማን፣ ካልሲ እያወጣች ከቅርጫት፦
«ትናንት ያ ሽማግሌ፣ መስኮት መስኮቱን ሲያይ…
ባሌም እንዲያ ነበር። ምን ሊለኝ እንደነበር እንጃ።»
ካልሲውን አጠፈች። ሌላ አልተናገረችም።
ዮቪታ ባዶ ማሽን ውስጥ ሳንቲም ከተተች፤ ልብስ ግን አልጨመረችም።

ስልኳ ጮኸ። «ሁለት መቶ አስራ ዘጠኝ። ሐሙስ። ዝምታ የሌለበት።»
«እሺ» አለች፤ በመዳፏ ጻፈች፤ ቀና ብላ አየችኝ።
እኔ ባትሪ ልገዛ ወጣሁ፣
ትርፍ፣ ለምናልባት።