ድፍን ድምፅ

የመጋዘኑ በር ሲከፈት አቃሰተ፤
የአምስት ዓመት አቧራ ባንድ ጊዜ ሸተተ።
በኦራቫ ሸለቆ፣ ከጥዱ ጫካ ግርጌ፣
የሆስፒታል ልብሴን አውልቄ፣ የአባቴን ቱታ አድርጌ፣
ባትሪ በጥርሴ ነክሼ ጨለማውን ገባሁ፤
ሸራውን ስገልጠው ከትራክተሩ ጋር ተያየሁ።

አባቴ ነው የሠራው፤ ሁሉ በሰልፍ በነበረበት፣
ለግለሰብ ትራክተር በማይሸጥበት፤
ማርሹን ከወደቀ የጭነት መኪና ፈቶ፣
መሪውን ጡረታ ከወጣ አምቡላንስ አምጥቶ፣
ወንበሩን ከአውቶቡስ፣ ሞተሩን ከውኃ ፓምፕ ነቅሎ፣
እናቴ ስትቆጣ «ነገ ያልቃል» ብሎ።
ሦስት ዓመት ፈጀ።

አሁን አባቴ ኤርቪን አንደበት የለውም፤
ባለፈው ኅዳር ነው፤ ስትሮክ፤ ቀኝ ጎኑ አይሰማውም።
የቀረችው ግራ እጁ፣ የእጁም ሌባ ጣቱ፤
የቀረው ከደጃፍ ተቀምጦ ማየቱ።

ወንድሜ ሲልቬስተር ከብራቲስላቫ ደወለ፤
«በኪሎ ሽጪው፣ ብረት ነው» አለ።
«አንቺ ነርስ ነሽ፣ ሜካኒክ አይደለሽ» ብሎ ሳቀ፤
ስልኩን ዘጋሁት፤ ካቻቪቴው ግን ከእጄ አልወደቀ።

መጀመሪያ ሰርባቶዮውን አጠብኩ፤
ቤንዚኑ ማር ሆኖ ነበር፣ በማንኪያ ጨለፍኩ።
ካርቡሬተሩን ፈታሁ፤ ጉሮሮው ተደፍኖ ኖሮ፣
በቀጭን ሽቦ ጠረግሁት፤ ወጣ ዝቃጩ ተጋግሮ።
ፑንቲናው ዝጎ ነበር፤ በጥፍር ሞረድ አሸሁት፤
ክፍተቱን በፖስታ ካርድ ውፍረት ለካሁት።
በአየር ማጣሪያው ግን አይጥ ጎጆ ቀልሳ፣
የእናቴን ቀይ ሹራብ ክር በክር ነክሳ፣
ጎዝጉዛዋለች። ያንን ሹራብ ስንት ዓመት ፈልጌያለሁ!
ክሩን ኪሴ ከተትሁ። ሥራዬን ቀጠልሁ።

ካንዴላውን ከብረት አስነክቼ ባዞረው
ብልጭ አለ፣ ሰማያዊ፤ እሳት አለው፣ ይኸው!
ቤንዚንም ይደርሳል፤ ግፊቱም ደኅና ነው፤
ታዲያ ምን ነካው?
ማኒቬላውን አዞርኩ። አዞርኩ። ትከሻዬ ተነቀለ።
አንዴ «ህክ» አለና ጭራሽ ዝም አለ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ፤ በየማታው ከሥራ ስመለስ፣
ጓንት አውልቄ ጓንት ስለብስ።
አባቴ ከደጃፉ የወንበሩን ክንድ ይመታል፤
ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። «በረደህ?» ስለው ራሱን ይነቀንቃል።
«ራበህ?» ጠቅ፣ ጠቅ። «ሽንት ነው?» ዓይኑን ያፈጣል።
ብርድ ልብስ ደረብሁለት፤ ገፍቶ ጣለው፤
ትራስ አመጣሁ፤ እሱንም አልፈለገው።
እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት በነርስነት ያገለገልኩ፣
የሕመምተኛን ምልክት ከማንም በላይ የማውቅ መሰልኩ።

ሾርባውን ይዤ የመጣሁ ማታ፣ ማንኪያውን ወረወረ፤
ጭስ ማውጫው ላይ አረፈ፤ ወደ እግሬ ተሽከረከረ።
ጆሮዬ ቆመ። ባዶ ቧንቧ እንዲህ አይጮህም፤
ይህ ድምፅ ድፍን ነው፤ ያፈነው አለ፤ አይተነፍስም።
ውኃ የቋጠረ ሳንባ፣ በጣት ሲመታ ከጀርባ፣
እንዲህ ነው የሚለው። ጣቴን ሰደድሁ ወደ ቧንቧ።

ጨርቅ! የተጠቀለለ፣ በሲባጎ የታሰረ፣ በሰም የተለሰነ፤
ራሱ አባቴ ነው፣ አይጥ እንዳይገባ ያፈነ።
(አይጧ በሌላው በር ገብታለች፤ ይህን አልነገርኩትም።)
ስቤ አወጣሁት። ሁለታችንም አልተነፈስንም።

ማኒቬላው ግማሽ ዙር አልሞላም፤ ጓ! አለ ሞተሩ፤
የብሎን ጣሳዎች ከመደርደሪያው ዘለሉ፣ ሰከሩ።
ጥላሸት ፊቴን አለበሰኝ። የመንደሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ።
ማልቪና በሌሊት ልብሷ ብቅ አለች፤
«ኤርቪን ድኖ ነው?» ብላ ከአጥር ማዶ ጠየቀች።

አባቴ ሳቀ። ድምፅ የለውም ሳቁ፤ ትከሻው ብቻ ይዘላል፤
ግማሽ ፊቱ ይስቃል፣ ግማሹ ይጠብቃል።
ከዚያ ጣቱ እንደገና፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤
ከሞተሩ ምት ጋር አይሄድም፤ ትንሽ ዘግየት፣ ትንሽ ጠንቀቅ።
አሁን ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤
ካቻቪቴውን አንሥቼ፣ የካርቡሬተሩን ብሎን
ሩብ ዙር፣ ከዚያም የሩብ ሩብ አላላሁ፣
ጣቱ እስኪያርፍ ድረስ።