የመሃሉ ሶኬት

ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣ ሆጤ ላይ ካፊያ ሲል፣
ቤታችን ውስጥ ዋይፋይ እየሳለ ይውላል።
ሣጥኑ ቡፌ ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ አጊጦ፣
እንደ ክብር እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ።
ሳሎን ላይ ሙሉ ነው፤ በረንዳው ሦስት መስመር፤
ጓዳ ስገባ አንድ፤ ከዚያ ወዲያ ጭር።

እህቴ ዘምዘም ናት የኋላው ነዋሪ፣
በኦንላይን ትምህርት የማታ ተማሪ።
መምህሯ ስክሪን ላይ አፉን ከፍቶ ሲደርቅ፣
ጋቢ ደርባ ወጥታ በብርድ ስትማቅቅ
አባቴ አየና «በቃ» አለ አንድ ማታ፤
«የሚደርስ ግዛ እስከ ልጅቷ ቦታ።»

ፒያሳ ታች ወርጄ ሙህዬ ሱቅ ገባሁ፤
ስምንት ቀንድ ያለው ጥቁር ሣጥን አየሁ፣
ሸረሪት ይመስላል በጀርባው የተኛ።
«ይሄ» አለ ሙህዬ፣ «ጉልበቱ ኃይለኛ፣
አንድ ቦታ ቆሞ የሚጮኽ እንደ አዋጅ።
ግን ግንባችሁ ምንድን ነው? ንገረኝ ወዳጅ።»
«ድንጋይ» አልኩት፣ «ክንድ ከስንዝር ውፍረቱ፣
ጭቃና ጭድ አለው ከውስጥ ከአንጀቱ፤
ከጓዳው ወዲያ ደግሞ የቆርቆሮ ግድግዳ።»
ሳቀ። «ለዚህ ጩኸት አይሆንም፣ አትጎዳ።
እነዚህን ውሰድ፤ ሦስት ሕፃናት ናቸው፣
መጮህ አያውቁም፤ ማንሾካሾክ ነው ሥራቸው፤
አንዱ ለአንዱ ሹክ ይላል፣ ያም ለቀጣዩ፤
ብቻ እንዳይራራቁ፣ እንዳይለያዩ።
ሁለት ግንብ ቢበዛ፤ ሦስተኛ ከደረሰ፣
ሹክሹክታው መንገድ ቀረ፣ ብርህም ፈሰሰ።»

የሁለት ወር ደሞዜን ቆጥሬ ከፈልኩት፤
ማታ በወረቀት ቤቱን ነደፍኩት።
ያኔ ነው ያየሁት፣ እርሳስ ይዤ ሳሰላ፤
ቤታችን ማጭድ ነው፣ እጀታው ወደ ኋላ።
በማጭዱ ሆድ ውስጥ፣ መሃል ያለው ክፍል
የአጎቴ እንድሪስ ነው፣ በፍርድ ቤት ክፍፍል።
አንድ በር ነበረ፤ አባቴ ደፈነው፤
አሥራ አንድ ዓመት አልፎ ዛሬም ልስኑ ልዩ ነው።
በመውሊድ፣ በለቅሶ፣ በአንድ ድንኳን ቢውሉ
«ወንድምህ» ሲሏቸው «የማን ወንድም?» ይላሉ።

የሙህዬ ሣጥን ይህን ሁሉ አያውቅም፤
ሁለት ግንብ ብሎኛል፣ ሦስት አይሻገርም።
የጎደለኝ ነገር አንድ ሶኬት ብቻ፣
እሱም በአጎቴ ቤት፣ በግድግዳው ዳርቻ።

ለአባቴ ሳልናገር በመግሪብ ሄድኩኝ።
አጎቴ መነጽሩን ሰቅሎ ከላይ እታች አየኝ።
ሣጥኑን ተቀብሎ በመዳፉ መዘነው።
«መብራት ይበላል ወይ?»
«ከአምፖልም ያነሰ።»
«ወሬያችንን ይሰማል?»
«አይሰማም።»
ተነፈሰ።
አልጋውን ስቦልኝ ሶኬቱን አሳየኝ፤
«ለእሱ እንዳትነግረው» አለና ሸኘኝ።

በዚያው ማታ ዘምዘም ጋ አራት መስመር ሞላ፤
አባቴ «ሠራ?» አለ፤ አልጠየቀም ሌላ።
ሦስት ተገዝቶ ሁለት ሲያይ፣ ቆጠረ በዓይኑ፤
ከዚያ ዓይኑ ሄደ፣ ወደ በሩ ልስኑ።

አርብ ማታ የኛ ቆጣሪ ካርዱ አለቀ፤
የሳሎኑ ሣጥን ከነዳንቴሉ ጨለማ ውስጥ ወደቀ።
ማዶ ግን ቆጣሪው ሌላ ነው። ያ ትንሹ
ቀይ ዓይኑን አፍጦ እኛን ይፈልጋል።

ግንቡ ተንኳኳ። አንዴ። ቆይቶ ሁለቴ።
«ካርድ አትሞሉም እንዴ?» አለ አጎቴ፤
«ይኼ ልጅ ዓይኑ ቀልቷል!»

ዘምዘም ትንፋሿን ያዘች።
አባቴ በጨለማው ጉሮሮውን ጠረገ፤
«መሙያው ዘግቷል» አለ፣ ለግድግዳው። «ጧት ነው።»

ዝም።
ከዚያ ከወዲያ ማዶ፦
«ገመድ ላቀብል?»

አባቴ አልመለሰም።
ተነሥቶ በዳበሳ
መስኮቱን ከፈተ።
ጉሙ ቀድሞ ገባ።