ለቀዳዳ ስንት ይቀረጣል?

ጠዋት ነው፤ ጣና ገና ጉሙን አልገፈፈም፤
ከጉምሩኩ በር የቆመው መኪና አላለፈም።
በክንዱ ታቅፎ ጥቅሉን እንደ ነዶ፣
መጣ አዛናው ከጋቢናው ወርዶ።

ነጭ ነው። ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፤
በመስኮቱ ትይዩ ስይዘው ሐይቁ ወተት ይመስላል።

«ምንድን ነው?»
                    «የባትሪ አካል፤
ያለሱ ባትሪው አንድ ቀን አይውል፣ ይቃጠላል።»
መግለጫው ላይም እንዲሁ ሰፍሯል፣ ያለ አንዳች ስጋት፦
የባትሪ ክፍል፣ ሰማንያ አምስት ዜሮ ሰባት።

እንየሽ ከጎኔ፣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣
«ላስቲክ ነው» አለች፤ ጠርዙን በጥፍሯ ፈልጋ፤
«ሠላሳ ዘጠኝ በለው። በጥቅል መጣ፣ አልተቆረጠ፤
ጣቃ አቡጀዲ መቼ ነው ሸሚዝ ተብሎ የተቀረጠ?»

መጽሐፉን ገለጥኩ፦ ዓለም በቁጥር የሚያድርበት በረት፣
ፍየል ከበግ፣ ሚስማር ከብሎን፣ ላስቲክ ከብረት።
ይሄ ግን ሁለት በር አለው፤
በአንዱ ቢገባ አዛናው ጀልባውን ይጨርሳል፣
ናፍጣ ሳይሸት፣ ድምፅ ሳያሰማ ደቅ ደርሶ ይመለሳል፤
በሌላው ቢገባ
ቀረጡ ሞተሩን ይበላል።

«ቀዳዳ አለው?» አልኩ፤ መጽሐፉ ይጠይቃልና።
«አለው። ዓይን አያየውም።»
ውኃ ጠብ አደረግሁበት፤ ጠብታው ድምቡል ብሎ ቀረ፣
እንደ እምቦጭ ቅጠል ላይ ጠል፣ እምቢ እንዳለ አደረ።
«ታዲያ ምን ያሳልፋል?»
«መልእክተኛውን ብቻ። ሁለት ደመኞች አሉ፣ ግራና ቀኝ፤
ይሄ እንደ ሽማግሌ መሃል ይቀመጣል፤
ቃል ያመላልሳል፣ እጅ ለእጅ ግን አያነካካም።
የተነካኩ ለት ቤት ይነዳል።»

አባቴ ትዝ አለኝ። መረብ ይሠራ ነበር፣ ከሐይቁ ዳር፤
ዓይኑን በአውራ ጣቱ እየለካ፣ ክሩን ሲያከር፣ ሲቋጥር፣
«መረብ ክር አይደለም» ይል ነበር፣
«መረብ ቀዳዳው ነው፤
ጫጩቱ ይለፍ፣ እናቱ ትቅር።»

ለቀዳዳ፣ አባቴ፣ ስንት ይቀረጣል?
በየትኛው ምዕራፍ፣ በየትኛው ንዑስ አንቀጽ ይቀመጣል?

ለበላይ ጻፍኩ።
አዛናው በየጠዋቱ መጣ። አጥሩን ተደግፎ
ስለ ጥቅሉ አይጠይቅም፤ «እርጥበት አይንካው» ብቻ ይላል፣ አልፎ አልፎ።
በአሥራ ሰባተኛው ቀን ምላሹ ደረሰ፣
ሦስት ማኅተም፣ አንድ መስመር፦
«በሕጉ መሠረት ይወሰን።»

ሳቅሁ። እንየሽም ሳቀች።
ከዚያ ቁጥሩን ጻፍኩ።
እንየሽ አይታ ዝም አለች፤
አዛናው ሳያይ አመሰገነ።

ከናሙናው አንድ መዳፍ ቆርጬ፣ ለመዝገብ፣
ማኅተሜን መታሁበት። አልያዘም።
ሰማያዊው ቀለም ተሰብስቦ ተንከባለለ፣
አውራ ጣቴ ላይ ወረደ፤
እስከ ማታ በሳሙና፣ በሐይቁም ውኃ፣ አልለቀቀም።